እየተንፏቀቀ የደረሰው ልጅ

ያን ሰሞን ወንድሜ ቁጭ ብሎ አላየሁትም። መጋዙን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል፤ መላጊያውን ይስላል፣ ሳይልግበት ይሰቅለዋል፤ በሩ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያይና ይመለሳል። እኔ ጥግ ላይ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ሆኜ የወንበር ትራስ እሰፋለሁ። እሱ ወንበሩን ይሠራል፣ እኔ መቀመጫውን አለብሳለሁ፤ እንዲህ ተደጋግፈን መኖር ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆነን። ጠባዩን አውቃለሁ። ሲጨንቀው እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ ሲብስበት ደግሞ ሥራው ራሱ ከእጁ ያመልጠዋል።

የጭንቀቱን ምንጭ ልንገራችሁ። ከአናጢ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ወንድሜ ከምራቱና ከልጅ ልጁ ጋር ይኖራል። የሕፃኑ አባት፣ የወንድሜ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሩቅ አገር ዕቃ ለማድረስ ከሄደ ወራት አልፈዋል። የልጅ ልጃችንን ከጉንጩ ሙላት የተነሣ ድንቡሼ እንለዋለን። ድንቡሼ አሥራ አራት ወር ሞልቶት ገና አልሄደም። የጎረቤታችን የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ግን ከእሱ ጋር በአንድ ሳምንት ተወልዳ፣ ዓመቷ ሳይደርስ ሮጠች። ነፋሷ ነው የምንላት። ኮሪደሩ ላይ ኮቴዋ በተሰማ ቁጥር ወንድሜ ጥርሱን ይነክሳል።

ታዲያ ያን ሰሞን ሾፌሩ ልጁ ደውሎ፣ «አባዬ፣ ድንቡሼ ሄደልን?» ሲለው፣ ወንድሜ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሄደ እንጂ። ቤቱን ያናውጠዋል» አለው።

ከአፉ አምልጦት ነው። ግን ያመለጠ ቃል አይመለስ። ልጁ በደስታ ለሾፌር ጓደኞቹ ሁሉ አወራ፤ ለልጁ ጫማ ገዛ፤ መልሶ ደውሎም «እሁድ እገባለሁ፤ በሩን ስከፍት እየሮጠ ይቀበለኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ይህ የሆነው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ወንድሜ የደንበኛ ሥራ ሁሉ አቁሞ ለድንቡሼ ባለ ጎማ መራመጃ መሥራት ጀመረ፤ ልጁ መሐሉ ተንጠልጥሎ እግሩን የሚያንቀሳቅስበት ክብ ነገር። እስከ እሁድ ሊያስሮጠው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ በጤና ጣቢያው የሕፃናት ክፍል የምትሠራ ወጣት ነርስ አንድ በርጩማ በብብቷ ይዛ ገባች። ከዚያ በፊት በመንገድ ሰላምታ ካልሆነ አንተዋወቅም ነበር።

«እንደምን አረፈዱ፣ አባባ? እንደምን አረፈዱ፣ እማማ? ይህ በርጩማ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ዛሬ አንዲት እናት ሊጥልብኝ ነበር።»

«አስቀምጪው፣ የኔ ልጅ። እስከ እሁድ ግን ሌላ ሥራ አልነካም።»

«እሁድ ምን አለ?»

ወንድሜ ወደ ሥራው አጎነበሰ። እኔ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «የልጅ ልጁን፣ አባቱ ሳይመጣ በፊት ሊያስሮጠው ነው» አልኳት።

ነርሷ ወደ መራመጃው ቀረብ ብላ መጋጠሚያውን በጣቷ ዳበሰችው። «እጅዎ ይባረክ፤ ሥራው ያማረ ነው። ልጁ ስንት ወሩ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩላል?»

«ምን ያስቸኩላል ትለኛለች!» ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «የጎረቤቴ ልጅ ደረጃ እየወጣች እኮ ነው። የእኔው እንደ ዱቄት ከረጢት ካስቀመጡት አይነሣም።»

«አባባ፣ ልጅ ለመሄድ ቀጠሮ አይዝም። አንዱ በዘጠኝ ወሩ ይሄዳል፤ ብዙው ዓመቱ ገደማ፤ አንዳንዱ ዓመት ተኩል እስኪጠጋ ይቆያል። በዚህ መሐል ያለው ሁሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የሄደው ኋላ ብልህ፣ የዘገየው ኋላ ሰነፍ አይሆንም።»

«ቀጥለሽ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትዪኝ ነው። እሱን ተረት እኔም አሳምሬ አውቀዋለሁ። እንቁላሉ ግን አባቱ እሁድ አይመጣበትም።»

እሷም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ይልቅ ይህን እይ» አላት ባለ ጎማውን ወደ ፊቷ ስቦ። «ጎማውን እንዴት እንዳለሰለስኩት። በአንዲት ጣት ብትነኪው ይሄዳል።»

ነርሷ በአንዲት ጣት ነካችው። እውነትም ሄደ። በሰጋቱራው ላይ ተንሸራቶ፣ የጠረጴዛውን እግር ገጭቶ፣ አቅጣጫ ለውጦ፣ ወደ ክፍቱ በር አመራ። ወንድሜ ሊይዘው ተንደረደረ፤ አልደረሰበትም። ደፉን አልፎ በደረጃው ላይ በግንባሩ ተደፋና ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ዞረው ይሽከረከሩ ጀመር።

መንገደኛ አንድ ሰውዬ አንሥቶ አቀበለንና ሄደ።

«አሁን የወደቀው ባዶውን ነው» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኛ ጋ ግን ባዶውን አያመጡልንም፤ ልጁን ነው የሚያመጡልን። ቤትዎ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ደረጃ አለ፤ ማእድ ቤት ውስጥ የፈላ ውኃ አለ። ልጅ በገዛ እግሩ የማይደርስበት ቦታ ጎማው ያደርሰዋል። ለመሄድም አይረዳው። በጎማ የሚንሳፈፍ ልጅ መጎንበስ፣ መነሣት፣ ሚዛን መጠበቅ የት ይማራል? እንዲያውም የሚያዘገያቸው አሉ።»

ወንድሜ መራመጃውን ጠረጴዛ ላይ አወጣውና የተላጠውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ያሽ ጀመር። ግን ወዲያው እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም።

«እኛ ያደግንበትን ልንገርሽ። ልጅ በሁለት እጁ ይያዛል፣ ይቆማል፣ ይለማመዳል። ጠማማ እንጨት እንኳ ሞርሳ ውስጥ አስገብተሽ ስታጠብቂው ይቀናል።»

እዚህ ላይ እኔ ስፌት መኪናዬን አቆምኩ። «ለመሆኑ» አልኩት፣ «ያን ከግድግዳው የተደገፈ ወፍራም ጣውላ ለምን አትሠራበትም?»

«አልደረቀማ።»

«ከጎኑ የነበረውስ? አብሮት በአንድ መኪና አልነበር የመጣው?»

«እሱ ሌላ እንጨት ነው፤ ቶሎ ይደርቃል። ይሄኛው ዘግይቶ ነው እንጂ ሲደርቅ እሱን የሚያህል…» አለና ምን እንዳልኩት ገባው። «እታለም፣ እንጨትና ልጅ አንድ ነው እንዴ?»

«አይደለም» አለች ነርሷ። «ሞርሳና ልጅም አብረው አይሄዱም።»

ይህን ስንባባል ምራታችን ድንቡሼን ታቅፋ የወንድሜን ምሳ ይዛ ወረደች። ደግ ልጅ ናት፤ ነገር በሆዷ የምትይዝ። ያን ሳምንት ፊቷ ጠቁሯል። ባሏ እሁድ በሩን ከፍቶ ልጁ ያልተነሣ እንደሆነ፣ ውሸቱ የአማቷ ሆኖ ጥፋቱ የእሷ እንደሚሆን ታውቀዋለች። «አዝለሽ አዝለሽ አሰነፍሽው» የሚላት ሰው አላነሰም፤ ከነዚያም አንዱ የገዛ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ ልጁን ሲያይ ፊቱ በራ። «ና ወዲህ፣ የኔ ጌታ» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ድንቡሼ እጆቹን አየ። አየና ሁለት እግሩን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፤ ፊቱን በእናቱ አንገት ውስጥ ቀበረ።

«ለምንድን ነው እግሩን የሚሰበስበው?» አለች ነርሷ።

ምራታችን መጀመሪያ ወደ አማቷ አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት። «አባባ ጠዋት ጠዋት ያቆሙታል። ሲያቅታቸው እኔ አቆመዋለሁ። ያለቅሳል። አሁን አሁን እጅ የተዘረጋለት ሁሉ ሊያቆመው ይመስለዋል።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «ድሮ እኮ አባባን ሲያይ ከእኔ እጅ ዘሎ ነበር የሚሄደው።»

የወንድሜ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሰበሰባቸውና በሽርጡ ጠረጋቸው፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረባቸውም። ልጆቼ፣ ከነርሷ ንግግር ሁሉ ይልቅ እሱን የመታው ይህ ነው።

«መሬት ሲያስቀምጡትስ እንዴት ይሆናል?» ስትል ነርሷ ጠየቀች።

«መሬት አናስቀምጠውም» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ሻክሯል። «አንድ ሁለቴ ብናስቀምጠው በቂጡ ተጎተተ። የልጅ ልጄ የሰው ወለል ጠራጊ ነው? ጎረቤት አይቶ ይስቅ? ወንበር ሠራሁለት፤ እዚያ ይቀመጣል።»

«እስቲ ለእኔ አንዴ ያስቀምጡት።»

ለትራስ የቆረጥኩትን ወፍራም ጨርቅ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። ምራታችን አስቀመጠችው። ነርሷ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ለስላሳ የእንጨት ኳስ አንሥታ ራቅ አድርጋ አኖረችና ዝም ብላ ቁጭ አለች። ድንቡሼ ኳሷን አየ፤ እኛን አየ፤ የሚያቆመው እጅ እንደሌለ አረጋገጠ። ከዚያ ግራ እግሩን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በአንድ እጁ ወለሉን እየቀዘፈ ሽው አለ። እንዴት ያለ ፍጥነት። ኳሷን ያዘ፣ ዞረ፣ ለነርሷ ዘረጋላት። «እንካ» አለ።

እኔ መርፌዬን ጣልኩ። ያ አስተጣጠፍ፣ ያ የእጅ አቀዛዘፍ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አላየሁትም ነበር።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ይህ እኮ አንተ ነህ።»

«ምኑ ነው እኔ?»

«እንዲሁ ነበር የምትሄደው። ግራህን አጥፈህ፣ በቀኝ እጅህ እየቀዘፍክ። እናታችን ሱሪህ መቀመጫው ላይ እየተበላ ቢያስቸግራት፣ ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጣ ትጥፍልህ ነበር። አባታችንም ‹ይህ ልጅ ወለሉን ሳይጨርስ አይነሣም› ይል ነበር።»

«እኔ?»

«አንተ። ረስቼው ኖሬ ነው፤ ሳየው ትዝ አለኝ።»

«እና መቼ ሄድኩ?»

«ዓመት ተኩል ሊሞላህ ሲል። ከዚያ ወዲህ ግን ያስቀመጠህ ሰው የለም፤ ይኸው ዛሬም ቁጭ አላልክም።»

ምራታችን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ያን ሳምንት ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ወንድሜ ወደ ድንቡሼ አየ፤ ድንቡሼም ኳሷን ይዞ ሽቅብ አየው።

ነርሷ ቀጠለች። «እንዲህ የሚንፏቀቁ ልጆች አሉ፤ ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። ሲያቆሟቸው እግራቸውን መሰብሰብ ጠባያቸው ነው፤ ማስገደዱ ደግሞ ፍርሃት ጨመረበት። ለመሄድም ዘግየት ይላሉ። ዳዴ ሳይል የሚነሣ ልጅ አለ፤ ሆዱን እየጎተተ የሚሄድ አለ፤ ይህኛው መቅዘፍ መረጠ። አንዱ እግሩ ይቀድማል፣ አንዱ አፉ፣ አንዱ እጁ። ይህ ልጅ ስሙን ሲጠሩት ይዞራል?»

«ይዞራል» አለች እናቱ።

«ጥቃቅን ነገር በሁለት ጣቱ ይለቅማል? ሁለቱንም እጁን፣ ሁለቱንም እግሩን ያንቀሳቅሳል?»

«ያንቀሳቅሳል። ከሳህን ፍርፋሪ አያስተርፍ።»

«ድሮ ይችለው የነበረና አሁን የተወው ነገርስ?»

ምራታችን አሰበች። «ወደ አባባ መሄድ ብቻ።»

ነርሷ ወደ ወንድሜ ዞረች። በረታ ብላም እንዲህ አለችው፦ «አባባ፣ ታገሡ ስል ዓይናችሁን ጨፍኑ ማለቴ አይደለም። ዓርብ ጤና ጣቢያ አምጡት፤ ዳሌውንና እግሩን ሐኪም ያየዋል። ደህና ነው ቢባልም ዓመት ተኩል ሞልቶት ካልሄደ መልሳችሁ አምጡት። ሰውነቱ እንደ ጨርቅ የሚዝል ወይም እንደ እንጨት የሚገተር፣ አንድ ጎኑን ብቻ የሚጠቀም፣ ድምፅ የማይሰማ የሚመስል፣ የቻለውን መልሶ የሚረሳ ልጅ ካያችሁ ግን አንድ ቀን አትጠብቁ። መታገሥ ያለብን ጤነኛውን ነው፤ የሚያጠራጥረውን ማሳየት ነው።»

«እሱንስ እሺ» አለ ወንድሜ። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማ ላይ አረፍ አለ፤ ያው የነርሷ በርጩማ ነበርና ተወዛወዘበት፣ መልሶ ተነሣ። «ለልጄ ምን ልበለው? በአባትነት አፌ ‹ሄደ› አልኩት።»

«በዚያው አፍዎ እውነቱን ይንገሩት።»

«ቀላል አደረግሽው።»

«ቀላል አይደለም፣ አባባ። ግን እውነቱን ቢያዘገዩት ዋጋውን ልጁን ያስከፍሉታል፤ እናቱንም።»

ወንድሜ ምራቱን አየ። በርጩማውን ገልብጦ እግሩን በኮላ ማጣበቅ ጀመረ። ለእሱ ይቅርታ ማለት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምር።

ዓርብ ሄድን። ሐኪሙ የድንቡሼን እግር አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ዳሌውን አዟዟረ። ደህና ነው፣ ወለል ላይ ልቀቁት አለ። ቅዳሜ ወንድሜ ከመራመጃው ጎማዎቹን ነቀለ፤ ክቡን ፈታትቶ ልጅ ተደግፎ የሚቆምበት ዝቅ ያለ፣ የማይገለበጥ አግዳሚ አደረገው። ከዚያ ጉልበቱ እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እጁን አልዘረጋም። ከእንጨት ቁርጥራጭ ትንሽ ቤት ይሠራል፣ ያፈርሳል፣ ይሠራል። ድንቡሼ ከሩቅ ሆኖ ያየዋል። ያን ቀን አልመጣም። ወንድሜ ግን አልጠራውም።

እሁድ ከሰዓት የደረጃው ኮቴ ሲሰማ ሁላችንም ሳሎን ነበርን። በሩ ተከፈተ። የወንድሜ ልጅ አቧራ እንደለበሰ፣ የጫማ ካርቶን በእጁ ይዞ፣ በሩ ላይ ተንበረከከ። «ና፣ ና ሩጥ፣ የኔ አንበሳ» አለ።

ድንቡሼ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ አየው። አልተነሣም። የአባቱ ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ ታየኝ። ዓይኑ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ወደ እሷ አትይ» አለ ወንድሜ። ወለሉ ላይ ነበር የተቀመጠው። «ወደ እኔ እይ። ልጅህ ገና አልሄደም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ሲሮጥ አይቼ ቀናሁ፤ ከአፌ አመለጠኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን አስገድጄ አቁሜው አስለቅሼዋለሁ፤ እሷንም በማይገባ ተናግሬያታለሁ።» ወደ ምራቱ ዞረ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

የወንድሜ ልጅ ካርቶኑን አየ። «ለሾፌሩ ሁሉ አውርቼ» አለ እንደ መሳቅም እንደ ማዘንም እያለ። «ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም። ሐኪም አይቶታል። እንደ እኔ ነው፤ ዘግይቶ ሂያጅ። አክስትህን ጠይቃት፤ የሱሪዬን መቀመጫ በቆዳ እስከ ማስጠፍ ነው የደረስኩት። ይልቅ አትጥራው። ቁጭ በልና ጠብቀው።»

ሾፌሩ ካርቶኑን አስቀምጦ ከነአቧራው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ድንቡሼ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ግራውን አጥፎ፣ ቀኙን ዘርግቶ፣ እየቀዘፈ መጣ። በመንገዱ ላይ ግን ወንድሜ ነበር። እሱ ጋ ሲደርስ መቅዘፉን ገታና የአያቱን ጉልበት በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ አልፎት ሄደ። ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ድንቡሼ አባቱ ጋ ደረሰ፣ ካርቶኑን ከፈተ፣ አንዱን ጫማ አወጣ፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ ለአባቱ ሰጠው።

«እንካ» አለው።

አባቱ ጫማውን ተቀብሎ ልጁን አቀፈው፤ ከዚያ በኋላ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ መለየት አልቻልኩም።

ድንቡሼ የሄደው አሥራ ሰባተኛ ወሩ ላይ ነው፤ ማንም ባልጠበቀው ቀን። እኔና ወንድሜ ስለ አንድ ትራስ ልክ እየተጨቃጨቅን ሳለ አግዳሚውን ለቆ ወደ አያቱ መጣ። ወንድሜ ሁለት እጁ በኮላ ተለውሶ ስለነበር ሊይዘው አልቻለም፤ ልጁ በራሱ ደርሶ ሱሪውን ጨበጠ። ጫማው በዚያን ጊዜ ጠቦት ነበር።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ደግሞ በቀደም መጥታ፣ ነፋሷ ሩጫ እንጂ ወሬ እንደማታውቅ፣ ድንቡሼ ግን ስንት ቃል እንደሚናገር እያነሣች አማረረች። ወንድሜ መላጊያውን አስቀመጠ። «ልጅ ቀጠሮ አይዝም» አላት እንደ ትልቅ መምህር። «አንዱ እግሩ ይቀድማል፣ አንዱ አፉ። በኔ ልጅ አትለኪያት፤ እኔ በአንቺ ልጅ ለክቼ የሆንኩትን አይተሻል። ሆኖም ነርሷ ጋ ውሰጃት፤ ጆሮዋን ትይላት። መታገሥ ዓይን መጨፈን አይደለም።» የሰማውን ሁሉ ሲደግም፣ ከራሱ ያመነጨው ነበር የሚመስል። እኔም አላረምኩትም። ጆሮዋ ደህና መሆኑ ታውቆ፣ አሁን እናቷ አብራት ቁጭ ብላ ታዋራታለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ያላችሁበት ቤት ሕፃን ካለ፣ የጎረቤትን ልጅ መለኪያ አታድርጉት። ወለሉን አጽዱለትና ልቀቁት፤ ጎማውን ነቅላችሁ የሚደገፈው ነገር ስጡት፤ አዋሩት፤ የሚያጠራጥር ነገር ስታዩ ለሚያውቅ አሳዩ። እናቱን መውቀስ ተዉ። እንዲህ ሲሆን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እኛም ቤት ጸጥ ብሏል።

ወንድሜም በስተርጅናው ቁጭ ማለት ለምዷል። የሚቀመጠው ግን ከሠራቸው ወንበሮች በአንዱም አይደለም፤ ወለሉ ላይ ነው።